«ኃይለኛ ነጎድጓድ ይጠበቃል» ተብሎ ጠብታ ሳይወርድ ሲቀር፦ የክልል ትንበያ የሚለውና የማይለው

የጠያቂው መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የክልላችን የአየር ትንበያ ባለፈው ሳምንት ከቀትር በኋላ ኃይለኛ ነጎድጓድ፣ በረዶና እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ እንደሚጠበቅ፣ የመዝነብ ዕድሉም 60 በመቶ እንደሆነ ተናገረ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም፤ ዐሥር ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ግን መንገድ በጎርፍ ተዘጋ። ለመጪው ቅዳሜም ያው ትንበያ ወጥቷል። በዕለቱ ሁለት መቶ ያህል ሰው የሚታደምበት፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን የምናደርገው ዝግጅት አለን። የስልኬ መተግበሪያ ግን እስከ 10 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ነው ይላል። የትኛውን ልመን? እንዲህ የሚስት ትንበያስ ምን ይረባል? ዝግጅቱን ወደ ሌላ ቀን እናዛውረው?»

ባለፈው ሳምንት ትንበያው አልሳተም። ነጎድጓዱ በተባለው ክልል፣ በተባለው ጊዜ ተነሥቷል፤ ዶፉም ወርዷል፤ የተዘጋው መንገድ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። እርስዎ ካሉበት ቦታ አለመድረሱ እንደ ስሕተት የሚታየው የክልልን ትንበያ የአንድ ሰፈር ትንበያ አድርገን ስናነበው ብቻ ነው። የክልል ትንበያ የሚናገረው ብዙ ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሸፍን አካባቢ በላይ ያለው አየር በዕለቱ ኃይለኛ ነጎድጓድ ለመፍጠር የተመቻቸ መሆኑን ነው። አንድ የነጎድጓድ ደመና ዝናቡን የሚያወርድበት ስፍራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች አይበልጥም፤ ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ በርካታ እንዲህ ያሉ ደመናዎች ቢነሡ እንኳ ሰፊው የክልሉ መሬት ደረቅ ሆኖ ሊያመሽ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። «60 በመቶ» ሲባል አንዳንዱ ከክልሉ ስፋት ስድሳ በመቶው ላይ ይዘንባል ማለት ይመስለዋል፤ ሌላው ከቀኑ ርዝመት ስድሳ በመቶውን እየዘነበ ይውላል ብሎ ይረዳዋል፤ የዝናቡን ኃይል እንደሚገልጽ አድርጎ የሚወስደውም አለ። አንዱም ልክ አይደለም። ቁጥሩ የሚለው በክልሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም አንድ ቦታ፣ በተጠቀሱት ሰዓታት ውስጥ፣ በመለኪያ ሊመዘገብ የሚችል ዝናብ የማግኘት ዕድሉ ከዐሥር ስድስት መሆኑን ነው። ሊመዘገብ የሚችል የሚባለው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ አሠራር የሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ከወረደ ዘንቧል ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ግራ የተጋቡት እርስዎ ብቻ አይደሉም፦ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት በአምስተርዳም፣ በአቴንስ፣ በበርሊን፣ በሚላንና በኒው ዮርክ ያሉ ሰዎች «ነገ የመዝነብ ዕድሉ 30 በመቶ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተጠይቀው፣ አብዛኛው ሰው ትክክለኛውን ትርጉም የመረጠው በኒው ዮርክ ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ 60 በመቶ ያለ ትንበያ ከዐሥር ጊዜ አራቱን ደረቅ ሆኖ መቅረትን አስቀድሞ በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ውጤት ብቻ ተሳክቷል ወይም ከሽፏል ሊባል አይችልም። ባለሙያዎች ትንበያን የሚፈትኑት 60 በመቶ የተባለባቸውን ቀናት ሁሉ ሰብስበው ዝናቡ በእርግጥ ከዐሥሩ በስድስቱ ገደማ መውረዱን በመቁጠር ነው። ግሌን ብራየር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበው የመመዘኛ ቀመር እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ሁለተኛው፣ ስድሳ በመቶው የካፊያም የዶፍም ድምር ዕድል እንጂ የ40 ሚሊ ሜትር ዕድል አይደለም። እርስዎ በቆሙበት ቦታ 40 ሚሊ ሜትር የመውረዱ ዕድል ከስድሳ በመቶ እጅግ ያንሳል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በአንባቢው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። «እስከ 40 ሚሊ ሜትር» የሚለውን አጻጻፍ እኔ በግሌ አልወደውም፤ በክልሉ ውስጥ እጅግ በተመታው ቦታ ሊወርድ የሚችለውን መጠን እየነገረ፣ ሁሉም ዘንድ የሚወርድ ያስመስለዋልና። ከዚህም በላይ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚወርድ አይናገርም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ደግሞ በአንድ ሄክታር ላይ 400,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ውኃ በአንድ ቀንና ሌሊት ቀስ እያለ ቢወርድ አብዛኛውን መሬት ይጠጣዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲወርድ ግን አስፋልትም፣ ቦይም፣ የደረቀ መሬትም አይችሉትም። ስለዚህ ትንበያ ሲያነቡ ከመጠኑ ቀጥሎ መፈለግ ያለብዎት የጊዜውን ርዝመት ነው።

ቦታው ለምን ቀድሞ እንደማይታወቅ ለመረዳት ነጎድጓዱ ከምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ወደ መሬት በተጠጋው አየር ውስጥ በቂ እርጥበት ሊኖር ይገባል፤ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብርቱ ነጎድጓድ በሞቃት ወራት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀጥሎ አየሩ ሚዛኑን ያጣ መሆን አለበት፦ ከታች ሞቃትና እርጥብ፣ ከላይ ቀዝቃዛ። ወደ ላይ የሚወጣ አየር ተኑ ወደ ውኃ እስኪለወጥ ድረስ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ደመና መሆን ከጀመረ በኋላ ግን ተኑ ሲጤዝ የሚለቀው ሙቀት ቅዝቃዜውን ስለሚያዘገየው፣ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ሞቆ፣ በራሱ ኃይል ሽቅብ ይወነጨፋል። ባለሙያዎች ይህን የተጠራቀመ ኃይል ጁል በተባለ የኃይል መለኪያ፣ በአንድ ኪሎ ግራም አየር ስንት እንደሆነ ይለኩታል፤ 2,000 በደረሰበት ቀን በደመናው ውስጥ ያለው ሽቅብ ነፋስ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። በረዶን አየር ላይ አንሳፍፎ የሚያሳድገው ይህ ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2010 በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ቪቪያን በተባለች ቦታ የወደቀው በረዶ አግድመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 900 ግራም ነበር።

እርጥበቱና ሚዛን ያጣው አየር በክልሉ ሁሉ ላይ ተዘርግተው ሳለ ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ቀስቃሹ፣ በየስፍራው የሚለያይ ነው። የተራራ ተዳፋት፣ የሐይቅ ዳርቻ ነፋስ፣ ከጎረቤቱ ይበልጥ የሞቀ ማሳ፣ ወይም ከቀደመ ነጎድጓድ የተረፈ ቀዝቃዛ ነፋስ አየሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በአንጻሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሞቃት የአየር ንብርብር እንደ ክዳን ሆኖ ሁሉንም አፍኖ ሊያውል ይችላል። ክዳኑ ባይበሳ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ በአንድ ስፍራ ቢበሳ ደግሞ ከረፋዱ ጀምሮ የተጠራቀመው ኃይል በዚያች ስፍራ በኩል ይወጣል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበርና ትንበያው ውሸት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን አይገነዘቡም፤ በእንዲህ ያለ ቀን የጠዋት ፀሐይ የነጎድጓዱ ዋና መጋቢ ናት።

ተራ ነጎድጓድ ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 በአሜሪካ ፍሎሪዳና ኦሃዮ በአውሮፕላንና በራዳር በተካሄደው ሰፊ ጥናት እንደተረጋገጠው፣ አንድ የነጎድጓድ ሕዋስ፣ ማለትም አንድ ነጠላ የነጎድጓድ ደመና፣ ሽቅብ ያድጋል፣ ዝናብ ያወርዳል፣ ከዚያም የራሱ ዝናብ ያቀዘቀዘው አየር ወደ ታች ወርዶ መጋቢውን ስለሚቆርጥበት ይሞታል፤ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የሚሞተው ደመና የለቀቀው ቀዝቃዛ አየር መሬት ለመሬት ተስፋፍቶ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ሊቀሰቅስ ይችላል። የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከከፍታ ጋር በብርቱ በሚለዋወጥበት ቀን ደግሞ ዝናቡ ከሽቅብ ነፋሱ ርቆ ስለሚወርድ መጋቢው አይቆረጥም፤ እንዲህ ያለው ነጎድጓድ ተደራጅቶ ለብዙ ሰዓት ይዘልቃል፣ ረጅም መንገድም ይጓዛል። ለጎርፍ የከፋው ግን ፈጣኑ አይደለም፤ አንዱ ሕዋስ ሳያልፍ ሌላው ከኋላው እየተተካ በአንድ ሸለቆ ላይ ደጋግሞ የሚያወርደው ነው።

የአየሩን ሁኔታ አስልተው የሚተነብዩት የኮምፒዩተር ሞዴሎችም ቢሆኑ ወሰን አላቸው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ዓለም አቀፍ ሞዴል ምድርን የሚከፋፍለው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መረብ ነው፤ በክልል ደረጃ የሚሠራባቸው ረቂቅ ሞዴሎች ደግሞ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ወርዱ አምስት ኪሎ ሜትር የሆነ ደመና በመጀመሪያው መረብ ቀዳዳ ያመልጣል፤ በሁለተኛው ውስጥ ሊታይ ቢችልም የት እንደሚቆም ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። መረቡን እያጠበቡ መሄድም ችግሩን ከሥሩ አይፈታውም። አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው የመነሻ ስሕተት በትናንሽ ክስተቶች ላይ እጅግ ፈጥኖ ይባዛል፤ በእሱ ስሌት የአንድ ደመና ያህል ክስተት ሊተነበይ የሚችለው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ሰፊ የአየር ሥርዓቶች ግን ለቀናት ቀድመው ይታወቃሉ። የክልል ትንበያ ከሦስት ቀን በፊት «ቅዳሜ ነጎድጓድ አለ» ለማለት የሚደፍረው፣ «በእናንተ ሜዳ ላይ በ9 ሰዓት ተኩል» ለማለት ግን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ማዕከሎቹ ሞዴሉን መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ደጋግመው የሚያስኬዱትም ለዚህ ነው፤ የአውሮፓው ማዕከል 51 ጊዜ ያስኬደዋል፤ በመቶኛ የሚነገረው ዕድል በአብዛኛው የሚወጣው ከእነዚህ ውጤቶች መስማማትና መለያየት ነው።

ወደ ስልክዎ መተግበሪያ ስንመጣ፣ በየሰዓቱ የሚያሳየው የፀሐይና የደመና ሥዕል ብዙውን ጊዜ ሰው ያላየው፣ ከአንድ ሞዴል አንድ ነጥብ ላይ የተቀዳ ውጤት ነው። ሥዕሉ ጥርት ያለ መሆኑ ትንበያውን ጥርት ያለ አያደርገውም። መተግበሪያው እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ነው ሲል በዚያ ነጥብ ላይ ሞዴሉ በዚህ ዙር ዝናብ አላወረደም ማለቱ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲታደስ ደመናውን ወደ 8 ሰዓት ሊያመጣው፣ ጨርሶም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ መተግበሪያውና የክልሉ ትንበያ ሲጋጩ የክልሉን ይከተሉ፤ የትንበያ ባለሙያ በርካታ ሞዴሎችን አመዛዝኖ፣ የአካባቢውን ጠባይ አክሎበት የጻፈው ነውና። መተግበሪያውን ለሙቀቱ መጠን ይጠቀሙበት፤ በነጎድጓድ ቀን ለሰዓት ቁርጥ አያድርጉት።

እንግዲህ ትንበያው የሚረባው ውሳኔን በደረጃ ለመወሰን ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ የክልሉ ትንበያ የሚጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ሁለት መቶ ሰው በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሊገባበት የሚችል ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሕንፃ በአቅራቢያው አለ ወይ? ዓርብ ማታ የሚወጣውን የመጨረሻ ትንበያ ያንብቡ፤ «ነጎድጓድ ሊኖር ይችላል» የሚለው ወደ ማስጠንቀቂያ ከፍ ማለቱንና የሚነሣበት ሰዓት መለወጡን ይዩ። ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ግን ትንበያውን ትተው የሚታየውን ይከታተሉ፤ የዝናብ ራዳር ምስል በየጥቂት ደቂቃው፣ የሳተላይት ምስል ደግሞ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ይታደሳል። ከእነዚህ ለቀጣዩ አንድ ሰዓት የሚሆነውን ማንበብ የትኛውም የሦስት ቀን ትንበያ ሊሰጥ ከሚችለው ይበልጣል።

ራዳርም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይታመንም። ጨረሩ በርቀት እየራቀ ከመሬት ይነሣል፤ ከጣቢያው 100 ኪሎ ሜትር ላይ ዝቅተኛው ጨረር እንኳ ከመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፤ ተራራም ይጋርደዋል። ከዚህም ሌላ ራዳር የሚያሳየው የተነሣውን እንጂ ሊነሣ ያለውን አይደለም፤ ደመናው በራስዎ ላይ ቢወለድ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከሰማዩ ነው። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከቀትር በፊት የተበታተኑ፣ ጠፍጣፋ የነበሩ ነጫጭ ደመናዎች ከስፋታቸው ይልቅ ቁመታቸው ሲበልጥና እንደ ግንብ ሲቆለሉ አየሩን ያፈነው ክዳን ተበስቷል ማለት ነው። ጫፉ ጠርዙ የለየ፣ ጉብታ ጉብታ ሆኖ ሳለ ገና ውኃ ነው። ያ ጠርዝ ሲደበዝዝና እንደ ተነደፈ ጥጥ ሲፈታታ ጫፉ ወደ በረዶነት ተለውጧል፤ መብረቅም የሚጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራ እያነሣ ቢመጣና ርጥብ አፈር ቢሸት፣ የደመናው ቁልቁል አየር ደርሶብዎታል፤ የቀረዎት የደቂቃዎች ጊዜ ነው።

በጥያቄው ውስጥ ያልተነሣው፣ እኔን ግን ከዝናቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ድንኳኑ ነው። ድንኳን ከዝናብ ያስጥላል፤ ከመብረቅ አያስጥልም፤ የብረት ምሰሶው ደግሞ በሜዳው ላይ ከሁሉ የረዘመ ነገር ከሆነ አደጋውን ያባብሰዋል። የነጎድጓድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር አልፎ አይሰማም፤ መብረቅ ደግሞ ዝናብ ከሚወርድበት ስፍራ ያንኑ ያህል ርቆ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ድምፁ ከተሰማ ያላችሁበት ቦታ መብረቁ ሊደርስበት በሚችልበት ክልል ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም ማለት መከላከያ አይሆንም። በዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ሕንፃ ከሌለ ጣሪያው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ይበጃል፤ የሚያድነውም ብዙዎች እንደሚያስቡት የጎማው ላስቲክ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት የሚያሳልፈው የብረት አካሉ ነው። ወደ ሜዳው መመለስ የሚቻለው ከመጨረሻው ነጎድጓድ ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሲሞላ ነው፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ከተሰማ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ዝናቡ አባራ ብሎ ፈጥኖ ሲወጣ ነው።

ነፋሱም እንዲሁ ሊናቅ አይገባም። ከደመናው ወደ ታች የሚወረወረው አየር መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የአየር ጠባይ ተመራማሪው ቴድ ፉጂታ ይህን ክስተት ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ለማረፍ ሲቃረብ የተከሰከሰውን አውሮፕላን ምክንያት ሲመረምር ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የኪራይ ድንኳን በካስማ ስለታሰረ ብቻ ይህን ይቋቋማል ብሎ ማሰብ ትርፉ አደጋ ነው። ጎርፉን በተመለከተ ደግሞ ሜዳው ላይ የሚወርደውን ሳይሆን ከሜዳው በላይ ያለውን ተፋሰስ ይመልከቱ፤ እናንተ ፀሐይ ላይ ሳላችሁ ከላይ የዘነበው ሊደርስባችሁ ይችላል። የሚፈስ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዐዋቂን ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ይወስዳል። መኪና ማቆሚያው ወንዝ ዳር ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ከወዲሁ ይለውጡት።

ቀኑን ማዛወር አልመክርም። በ60 በመቶ ትንበያ ቀን ሁሉ የሚሰረዝ ከሆነ በሞቃት ወራት ከቤት ውጭ ምንም ሊደረግ አይችልም፤ የምታዛውሩበት ቀንም ተመሳሳይ ትንበያ ሊወጣለት ይችላል። የሚለወጠው ሰዓቱና ጣሪያው ነው። ከባሕር ዳርቻ ርቆ በሚገኝ ምድር እንዲህ ያለው ነጎድጓድ በብዛት የሚነሣው ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዝግጅቱን ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ 7 ሰዓት ላይ ብትፈጽሙ አብዛኛውን አደጋ ታልፉታላችሁ። ዓርብ ማታ ትንበያው ነጎድጓዱን ከቀትር በፊት ካደረገው፣ ወይም የተደራጀና ረጅም መንገድ የሚጓዝ ነጎድጓድ ይጠበቃል የሚል ማስጠንቀቂያ ከወጣ፣ ዝግጅቱን ያለ ክርክር ከነጭራሹ ወደ ሕንፃው አስገቡት። ከዚህም ጋር በዕለቱ ሌላ ሥራ የሌለበት አንድ ሰው መድቡ፤ ራዳሩንና ሰማዩን ይከታተል፤ የመጀመሪያውን ነጎድጓድ ሲሰማም ንግግር ላይ ያለውን ሰው አቋርጦ ሕዝቡን ወደ ሕንፃው የማስገባት ሥልጣን በግልጽ ይሰጠው። ይህን ሥልጣን ለኮሚቴ አትስጡት፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪስማማ ድረስ ደመናው አይጠብቅም።